የግመሉ ፈተናና የማሬ ሁዳዴ

ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው ልጅ «እስቲ አንዴ ቁጭ በል» ስል ኖሬ፣ ጡረታ ስወጣ ቁጭ ማለት ያቃተኝ እኔ ሆንኩ። ባለቤቴ ሦስት ሳምንት ታገሰችኝና «ኧረ እባክህ አንድ ነገር ያዝ፣ ቤቱን አዞርከው» አለችኝ። እስክሪብቶ ያዝኩ። ሥራ ላይ ሳለሁ የጻፍኩት ሁሉ በሕክምና ካርድ ላይ ነበር፤ ካርድ ደግሞ የታማሚው ሕመም እንጂ የሐኪሙ ጥፋት የሚጻፍበት ቦታ የለውም።

ለመጻፍ ያነሳሳኝ ግን የባለቤቴ ቁጣ ብቻ አይደለም። የመሸኛዬ ዕለት አንድ ወጣት የሥራ ባልደረባዬ ወደ ክፍሉ ወስዶ አዲስ የመጣለትን ነገር አሳየኝ። ቀልባቸው የማይሰበሰብ ልጆች ኮምፒውተር ፊት ይቀመጣሉ፤ ፊደል በፊደል ላይ ብልጭ እያለ ያልፋል፤ ልጁ የተነገረውን ፊደል ሲያይ ብቻ ይጫናል። ማሽኑ የሳተውንና ያለ ቦታው የተጫነውን ቆጥሮ ያወጣል። «ጋሼ፣ በእናንተ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ይታወቅ ነበር?» አለኝ። «ይታወቅ ነበር። የእኛው ግን በግመል ነበር የሚሠራ» አልኩት። የምቀልድበት መስሎት ሳቀ። እኔም ለጊዜው ሳቅኩለት።

ጎንደር የጤና ረዳትነት ትምህርቴን ጨርሼ መጀመሪያ የተመደብኩት ሳንጃ ነው። ደርግ ሥልጣን ከያዘ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። አለቃዬ የጤና ጣቢያውን ማኅተም በክር አስሮ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ፣ ሲተኛም የማያወልቀው ሰው ነበር። ማኅተም የሌለው ወረቀት እንደማይታመን፣ ማኅተም ያረፈበት ግን ምንም ቢጻፍበት እንደሚታመን የተማርኩት ከእሱ ነው። ቁስል ማጠብና መስፋትም እዚያው ለመድኩ። ከሳንጃ ወደ ገንዳ ውሃ ተዛወርኩ፤ አንድ ክረምትና አንድ መኸር ከጠዋት እስከ ማታ ለወባ ምርመራ የሰው ጣት ስወጋ ከረምኩ። ከዚያ መተማ ዮሐንስ።

የመተማው ጤና ጣቢያ ሦስት ክፍል ያለው ቆርቆሮ ቤት ነበር። በሩ ላይ ቆመው ሲያዩ ኾሩ ማለትም ደረቁ ወንዝ፣ ከኾሩ ማዶ ደግሞ የሱዳኑ ገላባት ይታያል። በመጋቢት ከስድስት ሰዓት በኋላ ያ ቆርቆሮ ሰው አያስቀምጥም። ከጎጃምና ከወሎ ለጥጥ ለቀማ የወረዱ ሰዎች በሽታ ጥሏቸው በጭነት መኪና ላይ ይመጡልናል፤ የሱዳን ነጋዴ ግመሉ የነከሰውን እጁን ጠቅልሎ ይመጣል። ደመወዛችን ከጎንደር እስኪደርስ ወር በወር ላይ ይደረብ ነበር፤ ስለ እሱ ከዚህ በላይ አልልም።

ሥራ ያስተማረኝ ሰው ዶክተር ይልማ ነው። የሚቀመጠው ጎንደር ሆኖ በወር አንድ ጊዜ ለሁለት ቀን ወደ እኛ ይወርዳል። ከአብዮቱ በፊት ውጭ አገር ስለ ልጆች ቀልብ ተምሮ የመጣ ነበር። ያን ጊዜ እንዲህ ያለውን እውቀት የሚፈልግ ማንም አልነበረም፤ ወባና ተቅማጥ ለሁላችንም ይተርፋል። እሱ ግን ትምህርቱን አልጣለውም። ሙቀቱ ሳይነሳ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሁለት ወይም ሦስት ልጆች ያያል፤ ከዚያ እስኪመሽ እንደማናችንም ወባ ሲያክም ይውላል።

ሁለት ልማድ ነበረው። መጀመሪያ፣ ልጅ ሲገባ እናትየዋን ሰላም ብሎ ያስቀምጥና ጥያቄውን ለልጁ ያቀርባል። የሁልጊዜ የመጀመሪያ ጥያቄው «ትናንት ማታ ምን በላህ?» የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ልጅ ሲመዝን እሱም ጫማውን ያወልቃል። ልጁ ብቻውን ጫማ አውልቅ ሲባል የሚወጉት ይመስለዋል፣ ሁለታችን ስናወልቅ ግን ጨዋታ ነው ይል ነበር። ያን ረዥም ሰውዬ በካልሲ ቆሞ ሚዛን ሲያነብ ሳየው መጀመሪያ ሳቄ መጥቶ ነበር።

ፈተናው እንዲህ ነው። አንድ ወረቀት ላይ መቶ የእንስሳ ስም ተጽፏል፤ ላም፣ ፍየል፣ በቅሎ፣ ጅብ፣ ግመል፣ አህያ እያለ ይወርዳል። ከመቶው ሃያው ግመል ነው። ልጁ ግመል የሚለውን ሲሰማ ብቻ ጠረጴዛውን በጣቱ ይመታል። ዶክተሩ የተማረው በፊደል ነበር፤ ከእኛ ልጆች ግማሹ ፊደል ስለማያውቅ ግመል የማያውቅ የመተማ ልጅ ግን ስለሌለ በግመል ቀየረው። ልጁ መስኮትና በር ወደማያይበት ግድግዳ ዞሮ ይቀመጣል። አንባቢው በአንድ ትንፋሽ አንድ ስም ይላል፤ አይፈጥንም፣ አይዘገይም። የሳተው በጭረት፣ ያለ ቦታው የመታው በነጥብ ይመዘገባል። «የሳተው ቀልቡ የሄደበት ነው፤ ያለ ቦታው የመታው እጁ ከቀልቡ የቀደመበት ነው። ሁለቱን አታደባልቅ» ይለኝ ነበር።

ቀላል መስሎኝ ነበር። መጀመሪያ ሳነብ ግን ግመል ላይ በደረስኩ ቁጥር ሳላውቀው ድምፄን አነሳለሁ። ልጁ ሃያውንም ሲመታልኝ ደስ ብሎኝ ዶክተሩን አየሁት። «አንተ ነህ የምትመታለት» አለኝ። ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ፣ በመጣ ቁጥር ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሮ ያስነብበኝ ጀመር፤ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ግመሉ በድምፄ ብቻ ይታወቀው እንደሆነ ያዳምጣል። አልታወቀኝም ያለኝ ዕለት ከትምህርት ቤት ከተመረቅሁበት ቀን የበለጠ ኮራሁ።

ፈተናው ሁሉን እኩል የሚያደርግ አልነበረም፤ ማን ለምን እንደሳተ መለየት ነበር ሥራው። የአንድ ነጋዴ ልጅ ጥሩ ሲመታ ቆይቶ ድንገት ሦስት አራት ስም ያህል ዓይኑ ፈዞ ይቀራል፤ ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ይቀጥላል። አስተማሪው ሰነፍ ብሎ ይገርፈው ነበር። ዶክተር ይልማ ያ መፍዘዝ የሚጥል በሽታ ዓይነት መሆኑን ለይቶ የራሱን መድኃኒት ጀመረለት። ሌላ ልጅ ደግሞ አሥራ አንዱን ሳተ። ዶክተሩ ማታ ምን እንደበላ ቀድሞ ጠይቆት ስለነበር ዳቦና ሻይ አስመጣለት፤ አጥግቦ ደግመን ፈተንነው፤ ሁለት ብቻ ሳተ። «ይኸ የራበው ልጅ ነው፤ ቀልቡ ሆዱ ጋ ነበር» አለ። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። አይቼም ነው በኋላ የምነግራችሁን ያደረግኩት።

ማሬ ስትመጣ የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች። እናቷ ወይዘሮ እናኑ ለቀን ሠራተኞች ምግብ የምትሸጥ ቁጡ፣ ሥራ ወዳድ ሴት ናት። አባቷ አቶ ፈንታ በመንግሥት እርሻ ትራክተር ይነዳል፤ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ቤቱ ይመጣል። ማሬ በትምህርት ቤት ወንበር ላይ ከተቀመጠች አምስት ደቂቃ አትቆይም። ጥያቄው ሳያልቅ ትመልሳለች፣ መልሷም የሌላ ጥያቄ ነው። ሁለት ጊዜ የግመል መንጋ ተከትላ ኾሩን ተሻግራ ገላባት ገበያ ላይ ተገኝታለች።

«ማሬ፣ ትናንት ማታ ምን በላሽ?» አላት ዶክተሩ።

«እንጀራ በምስር። የወንድሜንም ጨመርኩ።»

እናኑ ከወንበሯ ሆና «በምግቡስ አትታማም፤ ቀልቧ ነው እንጂ የጠፋ» አለች። ከዚያ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ወደ ዶክተሩ ቀረበች። «ዶክተር፣ አባቷ ዘንድሮም ከወደቀች ትምህርቱ ይብቃት፣ ለሰው እሰጣታለሁ ብሏል። ሳንጃ በኩል ልጃችሁን ለልጃችን ያሉ ሰዎች አሉ። እኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ላይ ነው የተዳርሁ፤ ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ። ሁለት ዓመት እምቢ ብዬ ይዣታለሁ። አሁን መያዣ ነገር አለቀብኝ።»

በሁለት የተለያየ ጠዋት ፈተንናት። ከሃያው ግመል ስምንቱን ነው የመታችው፤ በፍየሉም በጅቡም ላይ መትታለች። ጆሮዋ ደህና ነው፣ ደሟ ውስጥ ወባ የለም፣ እንቅልፏ ደህና ነው። ዶክተሩ ከቦርሳው ቡናማ ጠርሙስ አወጣ። ውጭ ያለ ጓደኛው በሰው በሰው የሚልክለት ትንንሽ ነጭ ክኒን ነው። ጤነኛ ሰው ቢውጠው የሚያነቃ፣ እንዲህ ያለውን ልጅ ግን የሚያረጋ መድኃኒት መሆኑን ለእናኑ በሚገባት ቋንቋ ነገራት። ጠዋት ከቁርስ በኋላ አንድ፣ ቀን ከምሳ በኋላ ግማሽ፤ ከዚያ ወዲያ የለም፣ እንቅልፍ ይነሳል። እሷ ስትወጣ ወደ እኔ ዞረ። «ሁለት ነገር ይነካል፤ እንቅልፍና ምግብ። በየሳምንቱ ትመዝናታለህ። ረሳሁ ብሎ ነገር የለም።»

መዘንኳት። ሃያ አራት ኪሎ ነበረች። በሁለተኛው ሳምንትም በሦስተኛውም ያው ነው። በወሩ ስፈትናት አሥራ ሰባቱን መታች፤ ያለ ቦታው የመታችው ሁለት ብቻ። አስተማሪዋ ራሱ ጤና ጣቢያው ድረስ መጥቶ «ምን አጠጣችኋት? የዛሬ ወር ከክፍል ላስወጣት ስም ጽፌ ነበር፤ አሁን ንባብ ታስጨርሰኛለች» አለኝ። ፈንታ እንኳ ከእርሻው ሲመጣ በር ላይ ቆሞ «ተማም ነው ሐኪም፣ ተማም ነው» ብሎኝ ሄደ፤ በሱዳኖቹ ቃል ሁሉ መልካም ነው ማለቱ ነው። በጣም ደስ አለኝ። መድኃኒቱን ያዘዘው ሌላ ሰው ቢሆንም ልጅቱን እኔ ያዳንኳት መሰለኝ።

ከዚያ ሦስት ነገር ተከታትሎ መጣ። የጤና ጣቢያው ሚዛን በቀበሌው ትእዛዝ ለገበሬ ማኅበሩ ጥጥ መመዘኛ ተወሰደ፤ አንድ ሳምንት ተብሎ ነበር። የዶክተር ይልማ መኪና ለሌላ ግዳጅ ተፈለገና የወሩ ጉብኝት ቀረ፤ የሚቀጥለውም ቀረ። በመጨረሻ ሁዳዴ ገባ።

በዚያ ዓመት የመጣው ካድሬ ጠዋት ጠዋት በታማሚዎቻችን አግዳሚ ወንበር ላይ ጥላው ሥር ተቀምጦ ጋዜጣ የማንበብ ልማድ ነበረው። በሠራተኞች ስብሰባ ላይ የመንግሥት ሠራተኛ ሆኖ ጾም ጸሎት የሚሰብክ ካለ ስሙ እንደሚያዝ ነግሮናል። እኔ ራሴ እጾማለሁ፤ ነገር ግን ደብቄ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ እንደበላ ሰው አፌን እየጠራረግኩ ከቤቴ እወጣ ነበር። ስለዚህ ታማሚን «ትጾማለህ ወይ» ብሎ መጠየቅ የተውነው ነገር ነው። ሰዉም ከመንግሥት ሰው አፍ ይህ ጥያቄ ሲወጣ ለሕክምና ነው ብሎ አያምንም።

ሁዳዴ የገባ ሰኞ እናኑ የሳምንቱን ክኒን ልትወስድ መጣች። በሩ ክፍት ነው፤ ካድሬው ከበሩ ሁለት እርምጃ ላይ ተቀምጧል። ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ሐኪም፣ ከቁርስ በኋላ ነበር ያላችሁኝ። አሁን እንግዲህ ቁርስ የለም። የነፍስ አባቴ መድኃኒት ጾም አያስገድፍም ብለውኛል። እንዴት ላድርግ?» አለችኝ።

የጋዜጣው ኮሽታ ቆመ። ማለት የነበረብኝ ግልጽ ነው፤ ወይ ልጅቱ ትብላ፣ ወይ ክኒኑ ይቅር። እኔ ግን የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ የሚሸሸግበትን ቃል አወጣሁ።

«እንደ ሁኔታው ይስጧት» አልኩ።

በየሳምንቱ መጡ። ማሬ የታላቅ ወንድሟን ካኪ ሸሚዝ ለብሳለች፤ ሸሚዙ እስከ ጉልበቷ ይደርሳል። ሚዛን የለም። በሁዳዴ ሰው ሁሉ ይከሳል፣ እኔም ከስቻለሁ፤ መክሳቷ ዓይኔን አልያዘውም። በሦስተኛው ሳምንት እናኑ ፊቷ በርቶ መጣች። ካድሬው ያን ቀን አልነበረም።

«ዘንድሮ ማሬ ጾመኛ ሆናልኛለች። አምና እስከ ሦስት ሰዓት እንኳ አልቻለችም፤ ሌማቱን ከፍታ ነበር የማገኛት። አሁን ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ውላ፣ ከዚያም ሁለት ጉርሻ ጎርሳ በቃኝ ትላለች። ቀልቧ ሲሰበሰብ ጊዜ እግዜርንም አወቀች።»

«ጎበዝ ማሬ» አልኩ። ልጅቱ ቀና ብላ አየችኝና ፈገግ አለች። ካድሬው እንዳልነበረ ጽፌያለሁ፤ በዚያ ቀን የምፈራው ሰው አልነበረም። አለመጠየቅ ለምዶብኝ ነው።

በአምስተኛው ሳምንት፣ ጠዋት ባንዲራ ሲሰቀል፣ ሰልፍ ላይ ወደቀች። አስተማሪዋ ታቅፏት እየሮጠ አመጣት። እጅ እግሯ እየተንቀጠቀጠ ነው፤ ከንፈሯ ተሰንጥቋል፤ የደም ሥሯ አይቆጠርም፣ ይፈጥናል። ሸሚዙን ስገልጠው የጎድን አጥንቷ አንድ በአንድ ይታያል። ስኳር በውሃ አሟሙቼ በማንኪያ ከንፈሯን አረጠብኩ፣ ግሉኮስ ሰቀልኩላት። ከቀትር በኋላ ነፍሷ ተመለሰች። ታቅፌ ጥጥ መጋዘኑ ድረስ ወስጄ በከረጢቶቹ መካከል በራሳችን ሚዛን ላይ አቆምኳት። አሥራ ዘጠኝ ኪሎ። የሚዛኑ ሠራተኛ «ትክክል ነው፣ ዛሬ ጠዋት ነው ያስተካከልነው» አለኝ።

ማታውኑ እናኑ ልብስ ልታመጣ ስትወጣ አልጋው አጠገብ ተቀመጥኩ።

«ማሬ፣ ትናንት ማታ ምን በላሽ?»

«አልበላሁም። ክኒኑን ከዋጥኩ ምግብ አፌ ውስጥ እንደ ጭራሮ ነው የሚሆንብኝ።»

«ለምን አልተናገርሽም?»

«እናቴ ደስ ብሏት ነበራ» አለችኝ።

በማግስቱ ካድሬው የተተየበ ወረቀት ይዞ ገባ። ሕፃኗ በእናቷ አስገዳጅነት ከመጠን በላይ በመጾሟ ለአደጋ እንደተዳረገች ይላል። የእኔ ፊርማና የጤና ጣቢያው ማኅተም ብቻ ነው የጎደለው። ስለ መድኃኒቱ አንድ ቃል የለበትም፤ ምግብ እንደሚዘጋ መተማ ላይ ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። «አስገዳጅነት የለበትም» አልኩት። «እናት አይደለችም እንዴ?» አለኝ። ልጅቱ በእርግጥ ጾማለች፣ ስለዚህ ውሸት አይደለም ብዬ ለራሴ ነገርኩት። እውነቱን ብናገር ያለ ፈቃድ ከውጭ የገባ መድኃኒት፣ ያልተመዘነች ልጅ፣ ዶክተሩም እኔም የምንጠየቅበት ነገር ነው። ፈረምኩ፤ በእኔ እጅ የነበረውን ማኅተምም መታሁ።

እሑድ በቀበሌው አዳራሽ እናኑን አስነሥተው አቆሟት። ልጅሽን አስርበሻል ወይ ተባለች። አንድ ሰው ላይ እንኳ ጣቷን አልቀሰረችም። «አዎ፣ እኔ ነኝ። ስትጾምልኝ ደስ ብሎኝ መክሳቷን አላየሁም» አለች። አዳራሹን ሁለት ወር እንድትጠርግ ተወሰነባት። እኔ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበርኩ። እጄ ጉልበቴ ላይ እንደነበረ አስታውሳለሁ፣ አላነሳሁትም።

በሁዳዴ ሠርግ የለም፤ ስለዚህ ፈንታ ልጅቱን ለሰው ሳይሰጥ እውነቱን ለመናገር እስከ ፋሲካ ሦስት ሳምንት ጊዜ ነበረኝ። ማሬ ክኒኑን ከተወች በኋላ የምግብ ፍላጎቷ ተከፈተ፤ በሁለት ሳምንት ጉንጯ ተመለሰ፣ መቅበጥበጧም አብሮ ተመለሰ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናኑ ብቻዋን መጣች። ጤና ጣቢያው ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም፤ አግዳሚውም ባዶ ነው። የተረፈውን ክኒን በወረቀት ጠቅልላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ይኸው ሐኪም። ዕቃችሁ እንዳይጠፋባችሁ ብዬ ነው። እናንተ ደክማችሁላት ነበር፤ ያጠፋሁ እኔ ነኝ።»

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። እኔ ግን ወረቀቱን ፈትቼ ክኒን መቁጠር ጀመርኩ። ዘጠኝ ተኩል ነበር። ቆጥሬ ስጨርስ ሄዳለች።

ከፋሲካ በኋላ፣ የዳግማይ ትንሣኤ ሰሞን፣ ፈንታ ከእርሻው ፈቃድ ወስዶ መጣ። እናኑ ዘንድሮ እምቢ አላለችም ሲሉ ሰማሁ። ማሬን በጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ አስቀምጠው ወደ ሳንጃ ወሰዷት። አስተማሪዋ ለዓመቱ ፈተና ስሟን ጽፎ ነበር፤ ያልፉ ይሆናል ካላቸው ልጆች መካከል ነበረች።

ዶክተር ይልማ በሳምንቱ መጣ። ሁሉንም ነገርኩት፤ ከእሱ አልደበቅኩም። ካርዱን አንሥቶ የክብደቱን ረድፍ በጣቱ እየተከተለ አየው፤ አምስት ባዶ ቦታ። በኪሱ የሚይዛት ትንሽ ደብተር ነበረችው፤ የራሱን ስሕተት ብቻ የሚጽፍባት። አወጣትና «ጾሙ መቼ እንደሚገባ ሳላይ መድኃኒት ጀመርኩ» ብሎ ጮክ እያለ ጻፈ። ከዚያ «ለእናትየዋ ነግረሃታል?» አለኝ። «አልነገርኩም» አልኩት። አልተቆጣኝም። ከዚያ በኋላ ግን አብረን መሥራት እስካቆምን ድረስ ልጆቹን የሚመዝነው ራሱ ነበር።

መድኃኒቱ ክፉ አልነበረም። በዚያው ጠርሙስ ሌሎች ልጆች ተጠቅመዋል፤ አንዱ ዛሬ ኢንጂነር ነው፣ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ቆሞ ሰላም ይለኛል። የዶክተሩ ጓደኛ መላክ ሲያቆም ክኒኑ አለቀ፣ የግመሉ ወረቀትም አረጀ። እኔ ወደ ጎንደር ተዛወርኩ። መንግሥት ተለወጠ። ካድሬው የት እንደገባ አላውቅም። ፈርሜ የሰጠሁት ወረቀትም ከሌላው ወረቀት ጋር ተቃጥሎ ይሆናል። በሥራዬ ከዚያ ወዲህ «ምን በላህ» ሳልል ለልጅ መድኃኒት ሰጥቼ አላውቅም፤ ለዚህ ግን የሚያመሰግነኝ አያስፈልግም።

ከሃያ ዓመት በኋላ ለሥልጠና ገንዳ ውሃ ወረድኩ። እናኑ ፈንታ ከሞተ ወዲህ እዚያ እንደምትኖር ሰማሁ። አውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ በቀርከሃ በታጠረ ግቢ ውስጥ አገኘኋት፤ አርጅታለች፣ ዓይኗ ግን ያው ነው። ወዲያው አወቀችኝ። «ሐኪም፣ ሸበቱ እኮ» አለች። ወንበር አስመጣችልኝ። ቁጭ እንዳልኩ፣ ወሬ ሳላስረዝም፣ ነገርኳት። ክኒኑ ምግብ እንደሚዘጋ አውቅ እንደነበር፣ እንድመዝናት ታዝዤ እንዳልመዘንኳት፣ ቁርስ የለም ስትለኝ ምን ማለት እንደነበረብኝ፣ ወረቀቱን እንደፈረምኩ። ጥፋቱ የእርስዎ አልነበረም አልኳት።

ደጅ አውቶቡስ ሞተሩን ያሞቃል።

«ፈንታ ሲለኝ ሁለት ዓመት እምቢ ያልኩ ሴት ነኝ» አለች በመጨረሻ። «ዱላም ቀምሻለሁ በእሷ የተነሣ። ከዚያ ስብሰባ ስወጣ ግን፣ ልጇን በእጇ የምታስርብ እናት ምን አፍ አላት አልኩ። ከእኔ ጋር ከምትሞት ሰው ቤት ትደር አልኩ። ያን ጊዜ ቢነግሩኝ ኖሮ አልሰጣትም ነበር።»

ስለ ማሬ ጠየቅኋት። እዚያው ሳንጃ ደህና ናት አለች፤ አራት ልጆች አሏት፣ ዛሬም አንድ ቦታ አትረጋም፣ ሥራ ላይ የሚደርስባት የለም። «ፊደሉን ግን ረስታዋለች። ልጇ ደብተሯን ስታሳያት ገልብጣ ይዛ ነው ጎበዝ የምትላት።» ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «ለእኔ ምን ያደርግልኛል ሐኪም? የቀረባት እሷ ናት። ለእሷ ሄደው ይንገሯት።»

እሺ አልኩ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ለሥራ ወደ አብርሃ ጅራ ስወርድ ሳንጃን አልፌያለሁ። መኪናው ለምሳ እዚያ ይቆማል፤ ሁለቱንም ጊዜ ወርጄ ምሳዬን በልቼ ተመልሼ ተሳፈርኩ። አሁን ጊዜ ስላገኘሁ ነገሩን ሁሉ ከነጥፋቱ እዚህ ጽፌዋለሁ። ከማንም በፊት ልታውቀው የሚገባት ማሬ ነበረች፤ እሷ ደግሞ ማንበብ አትችልም።